ጣሳዬ ያልተሰቀለ ዕለት

ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የጎረቤቴን ጣሳ ነው። ሰማዩን ሳላይ፣ መንገዱን ሳላይ፣ የራሴን ደጅ ሳላይ እሱን አያለሁ። በእኛ አገር የጠላ ቤት ምልክቱ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ባዶ ጣሳ ነው። መንገደኛው ፊደል ባይቆጥር፣ ለከተማውም እንግዳ ቢሆን፣ ያን ካየ "እዚህ ጠላ አለ" ብሎ ጎንበስ ብሎ ይገባል።

የእኔ ጣሳ ድሮ የቲማቲም ድልህ የነበረበት ነው፤ ዝገት በልቶት ተበሳስቷል። የእሷ አዲስ ነው። ቀይ ቀለም ቀብታዋለች፤ ከሥሩም ትንሽ አምፖል አንጠልጥላለታለች። ምኑ ነው የሚያቃጥልሽ ብትሉኝ ሁሉም። ቀለሙም፣ አምፖሉም፣ ከሥሩ የሚሰማው ሳቅም።

ይህች ሴት ከሐሙሲት ስትመጣ አንድ ፌስታል ልብስ ብቻ ይዛ ነበር። እዚህ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈራችን ቤት ስትፈልግ ሰው ወደኔ መራት፤ የጓሮዬን ክፍል አከራየኋት። ጌሾ ስወቅጥ መጥታ ሙቀጫውን ትቀበለኛለች። ጋኑን በወይራ ሳጥን ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት አጠገቤ ትቆማለች። ማስተማሬን ሳላውቀው አስተማርኋት። አንድ ቀን መጣችና፣

"እትዬ፣ ማዶ ያለውን ቤት ተከራየሁት" አለችኝ።

"ምን ልትሠሪበት?"

"ጠላ ነዋ! ሌላ ምን አስተማሩኝ?"

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሙቀጫዬን ግን አንሥቼ ወደ ጓዳ አስገባሁት። ከእኔ ጋር ስትኖር "እርስዎ" ነበር የምትለኝ። መንገዱን ከተሻገረች ወዲያ "አንቺ" ሆንሁ። የመንገዱ ስፋት የአንድ ባጃጅ ማዞሪያ ያህል ቢሆን ነው።

ደንበኞቼ አንድ በአንድ መሻገር ጀመሩ። ከፋብሪካ ሲወጡ ጎራ የሚሉልኝ ሠራተኞች፣ ደመወዝ ሲገባላቸው እየተጫወቱ የሚመጡት የኮሌጅ መምህራን፣ ሁሉም። የእኔ ቤት የጭቃ መደብ ነው፤ ሱሪ ያቆሽሻል። እሷ የፕላስቲክ ወንበር ገዛች። ያልተሻገሩት መሪጌታው ብቻ ናቸው። በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ለጉዳይ በጀልባ ወደ ከተማ ሲወጡ እኔ ዘንድ ሳይደርሱ አይመለሱም።

ሌላው ይቅርና ልጄ እንኳ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ማዶ ትሄዳለች። እኛ ቤት መብራት ሳይጠፋ ማለቴ ነው።

"ምን ስትሠሪ ቆየሽ?" እላታለሁ።

"ምንም፤ ስንስቅ ነበር።"

"በምን?"

"በቃ ስንስቅ ነበር፣ እማ።"

አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔ ቤት ውስጥ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ የምበልጣት ነገር ነበረኝ። የእሷ ጣሳ ወርዶ አያውቅም። ጥሩው ጠላ ሲያልቅባት ድፍድፉን ዳግመኛ በውኃ አጥባ ቅራሪውን ትሸጣለች፤ ጣሳው እንደተሰቀለ ነው። እኔ ግን ጠላዬ ሲያልቅ ጣሳዬን አወርዳለሁ፤ አዲሱ እስኪደርስም አልሰቅልም። እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው። "ውኃ የጠማው ሰው ጣሳሽን አይቶ ዳገት ወጥቶ ቢመጣና የለም ብትይው፣ የሚረግምሽ በአፉ አይደለም፣ በእግሩ ነው" ትለኝ ነበር። እኔም ይህን ይዤ እዚህ ደረስሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሴት ነኝ፤ የምኮራበት ነገር ብዙ የለኝም። በጣሳዬ ግን እኮራ ነበር።

በክረምቱ ወገብ ላይ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ጊዜው ከከፋ ወዲህ ባሕር ዳርን እንግዳ ርቋታል። ፈረንጅ ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ታስረው ይውላሉ። ትልልቆቹ ሆቴሎች አስተናጋጆቻቸውን አሰናብተዋል። ሸሚዙን በሱሪው ውስጥ ያስገባ ሹም ተነሣና፣ "የመስተንግዶውን ዘርፍ ለመደገፍ የአሠራር ማሻሻያ ተደርጓል" ብሎ ጀመረ። ብዙ ተናገረ። እኛ ሴቶቹ ተያየን።

"ልጄ፣ ለእኛ እንደሚገባን አድርገህ ንገረን" አለችው ከኋላ አንዷ አረቄ ሻጭ።

ሳቅ አለና ነገረን። ለሆቴሎቹ ግብር ይቀልላቸዋል። እኛ እስከዛሬ ያለ ፈቃድ በየቤታችን ስንሸጥ የኖርነው ደግሞ፣ የባህል መጠጥ ቤት ተብለን ያለ ብዙ ምልልስ ፈቃድ እናገኛለን። ለጊዜውም ግብር አንጠየቅም። ክረምቱ ሲወጣ በሐይቁ ዳር፣ አዲስ በተነጠፈው የእግር መንገድ አጠገብ፣ በየእሑዱ መሸጫ ቦታ ይሰጠናል። ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ እየሠራ ያገኘውን ቤት ይመዘግባል።

"ያልተመዘገበስ?" አለች ያችው ሴት።

"ያልተመዘገበ ቤት ይታሸጋል።"

"ድጋፉ ከነዱላው ነዋ የመጣው!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

እኔ አልሳቅሁም። "ይታሸጋል" የምትለዋን ቃል ይዤ ቀረሁ። ያቺ የፊት ክፍል ከታሸገች ልጄንና እኔን የሚያኖረን ሌላ ነገር የለም። ሌላ ሙያ አላውቅም። እጄን አውጥቼ "ኮሚቴው መቼ ይመጣል?" ማለት ፈልጌ ነበር፤ እጄ ከነጠላዬ አልወጣ አለኝ። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ብድግ አለች።

"የሐይቁ ዳር ወንበርና ጥላ እናንተ ታመጣላችሁ ወይስ እኛው?"

"ጥላውን ዛፉ ይሰጣል" አላት ሹሙ።

"እንግዲያው ከዛፉ ሥር ያለውን ለእኔ ጻፍልኝ!"

ሰው ሁሉ ሳቀላት። ሹሙም ሳቀ። ሹም ፊት ቆሞ ሹምን ማሳቅ! እኔ እንደዚያ ለመናገር ሌላ ሴት ሆኜ መወለድ ነበረብኝ። ከዚያ ቀን በፊት በጣሳዋ ነበር የምቀናው፤ ከዚያ ወዲህ በአንደበቷም ቀናሁ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ጠላዬ እምቢ አለኝ። ክረምት ነው፤ ብርዱ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ድፍድፉ ሊፈላ አልቻለም። ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልሁት። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁት፤ ዝም ያለ ጋን ነው። ጣሳዬ ወርዶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"እማ፣ ኮሚቴው በዚህ ሳምንት ይመጣል እየተባለ ነው። ጣሳውን ዝም ብለሽ ስቀይው" አለችኝ ልጄ።

"ጠላው መቼ ደረሰና?"

"ማን ይቀምሰዋል? አይተው ይሄዳሉ።"

"መንገደኛ ቢገባስ?"

"እኔ 'አልቋል' እለዋለሁ።"

"ሰቅዬ አልቋል ላስብል? አልሰቅልም።"

"ማዶ ያለችው ብትሆን ትሰቅል ነበር" አለች ልጄ። ልቤን የወጋችኝ ያቺ ቃል ናት። ይህን ባትል ምናልባት እሰቅለው ነበር። ካለችው በኋላ ግን አንገቴ ቢቆረጥ አልሰቅልም አልሁ። የፊቱን በር ዘግቼ ብቅል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድሁ፤ ልጄም ወደ ትምህርቷ።

ከወፍጮ ስመለስ ከመታጠፊያው ላይ አየኋቸው። ሰደርያ የለበሱ የኮሚቴው ሰዎች ከጎረቤቴ በር ሲወጡ፣ አፋቸውን እየጠረጉ። በዚህ ዘመን ሰደርያ የለበሰ ሰው በሰፈር ሲዞር ሳይ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ እስካውቅ ነፍሴ አይመለስም። የምጠብቀው እነሱን እንደሆነ እያወቅሁ፣ እግሬ ይዞኝ ከቆመች ባጃጅ ጀርባ ገባሁ። ከረጢቱን እንዳቀፍሁ ጎንበስ አልሁ።

ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ "እናቴ፣ ሊሳፈሩ ነው ወይስ ሊደበቁ?" አለኝ።

"ዝም በል አንተ!"

በባጃጇ ላስቲክ በኩል አየሁ። ጎረቤቴ ከሰዎቹ ጋር መንገዱ መሐል ቆማለች። እጇን ዘርግታ የእኔን ቤት አሳየቻቸው። ቀጥላ ባዶውን እንጨቴን አሳየቻቸው። አንድ ነገር ተናገረች። ከመካከላቸው የነበረችው ሴት ራሷን ነቀነቀች፤ ሳቁ፤ ወደ ታች ወረዱ።

ምን እንዳለቻቸው ለማወቅ መስማት አላስፈለገኝም። "ያ ቤት ተዘግቷል፤ አይሠራም" ነው እንጂ ሌላ ምን ትላለች? የቀሩኝን ደንበኞች መውሰጃው መንገድ በእጇ ገባላት። በዚህ መሐል ሹፌሩ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደና መንገዱ ላይ እንዳጎነበስሁ ቀረሁ።

"እትዬ! የት ጠፍተሽ ነው? ሰዎቹ መጥተው ሄዱ እኮ!" አለችኝ ጎረቤቴ ከማዶ።

"ሰምቻለሁ" አልኋት። ምንም አልሰማሁም። ብጠይቃት አንድ ቃል ነበር። ግን ቅናት መች ይጠይቃል? ሁሉን አውቃለሁ ብሎ በሩን ዘግቶ ይገባል። እኔም ዘግቼ ገባሁ።

በማግስቱ በእሷ በር ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አየሁ። የተመዘገበ ቤት ምልክቱ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ቀይ ጣሳ ከላይ፣ አረንጓዴ ቀለም ከታች፤ ዓይኔን የት ላሳርፍ? የእኔ በር ባዶውን ቆሟል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር "አሻጊዎቹ መጡ" እላለሁ። ጨው ልትበደር የመጣችን ሴት እንኳ ደንግጬ "ምን አጠፋሁ?" ብያታለሁ።

መሪጌታው በዚያው ሰሞን መጡ። ጣሳው አለመሰቀሉን አይተው ከደጅ ተጣሩ።

"እመት! ዛሬም ጋንሽ ጾመኛ ነው?"

አስገብቼ አስቀመጥኋቸው። የሆነውን ነገርኋቸው፤ ያሳየችበትን እጇን ሳይቀር በእጄ እያሳየሁ።

"ምን አለቻቸው?" አሉኝ።

"ምን ትላለች! ተዘግቷል ነዋ።"

"ሰማሽ?"

"በዓይኔ አየሁ።"

"በዓይን የሚሰማ ፍጥረት ዛሬ ገና አየሁ" ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ቆጣ አሉ። "ቅንዓት ቤት ሠርቶ አያውቅም፣ ልጄ። ሄደሽ ጠይቂያት።"

"ከምጠይቃት ቢታሸግ ይሻለኛል።"

"ይሁና። እስኪ ቅራሪም ቢሆን ቅጂልኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።"

"ለእርስዎ ቅራሪ አልሰጥም።"

"እንግዲያው ማዶ ልሻገር?"

"ይሻገሩ!" አልኋቸው፤ እንባዬ መጣ።

መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። በበሩ ቀዳዳ ተከተልኋቸው። ከቀዩ ጣሳ ሥር ደረሱ። ቆም አሉ፤ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ጀልባቸው መንገድ ታጠፉ። ሽማግሌውን በጥም ሰደድኋቸው። አዘንሁ፤ ግን አለመሻገራቸው ደስ አለኝ። ይህን ደስታ ለነፍስ አባቴ ስናገርም አፍሬበታለሁ።

ዝናቡ ሲቀንስ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ፤ ዓሣ ልገዛ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። አዲሱ መንገድ በንጣፍ ድንጋይ አምሮበታል። ደንገሉ ተመንጥሮ ውኃው ከሩቅ ይታያል። ከዋርካው ሥር ጎረቤቴ ቆማለች። ነጭ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ጋኗ የሚቀመጥበትን፣ ወንበሯ የሚደረደርበትን በእግሯ እየለካች። ዛፉ እንዳለችው ለእሷ ደርሷታል። ጥላው ሰፊ ነው፤ አንድ ሠርግ ያስቀምጣል። ያን ሁሉ ጥላ ብቻዋን! ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስሁ። በመንገዴ ላይ ዛፍ ባየሁ ቁጥር ስቀና ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ጋኔ ተናገረ። ጆሮዬን ባስጠጋ ሽው ሽው ይላል፤ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ሳጠልለው ቀለሙ እንደ ማር ጠራ። ለልጄ አቀመስኋት።

"እማ፣ ይኼ ጉድ ነው" አለች።

"ጣሳውን አምጪ።"

እንጨቱን ያዘችልኝ፤ ሰቀልሁት። የዛገ ጣሳዬ ነፋሱ ሲመታው ቂው ቂው አለ። ማዶ በሯን እየጠረገች የነበረችው ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችው። ሳቅ አለችና መጥረጊያዋን ጥላ ወደ ቤቷ ገባች። "እስኪ ትሳቅ" አልሁ በሆዴ።

መደቡን ጠርጌ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ሰደርያ። ያቺ የኮሚቴዋ ሴትና አንድ የቀለም ቆርቆሮ ያንጠለጠለ ሰው። የያዝሁት መጥረጊያ ከእጄ ወደቀ።

"ዛሬ ነው የምታሽጉት?" አልሁ። ሌላ ነገር ልል ፈልጌ ነበር።

"ምኑን እናሽጋለን፣ እናቴ?"

"ቤቱን።"

"ኧረ ልንመዘግብዎት ነው የመጣን! ያን ቀን ጣሳዎ ስላልነበረ ነው የተመለስነው። ጎረቤትዎ ናት፣ 'እሷ ጠላዋ ካልደረሰ አትሰቅልም። አሁን ሰው ሁሉ ለመመዝገብ ሲል ጣሳ ከመንገድ ላይ አንሥቶ ይሰቅላል፤ እሷ ግን አትሰቅልም። ጣሳው ሲሰቀል እደውልላችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ኑ' ያለችን። ይኸው ዛሬ ማለዳ ደወለች፤ 'ተሰቅሏል፣ ሳያልቅ ድረሱ' ብላ።"

እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጥሁ።

"ደግሞ 'ያስተማረችኝ እሷ ናት' ብላናለች" አለች ሴትዮዋ፤ የቀዳሁላትን ቀምሳ። "እውነትም አስተማሪ ነዎት።"

ሰውየው በሬን አረንጓዴ ቀባው። ቀለሙ ሳይደርቅ ነካሁት፤ ጣቴ ላይ ቀረ። ቤቴ ዳነ። እግዜር ይመስገን አልሁ፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር ተነሣብኝ። መጥፎ ብትሆንልኝ እንዴት ይቀለኝ ነበር! ጣሳዋን ጠልቼ፣ አምፖሏን ጠልቼ፣ እሷን ጠልቼ ደህና እኖር ነበር። አሁን በጎነትንም ደርባ ያዘችብኝ።

ልጄ ገፋችኝና ማዶ ተሻገርሁ። የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጫፉን ይዤ ተቀመጥሁ። ይመቻል፤ እሱም አናደደኝ።

"ለምን አደረግሽው?" አልኋት። እግዜር ይስጥልኝ ልል ነበር የመጣሁት።

"ምኑን?"

"መደወሉን።"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ያንቺ ቤት ቢታሸግ መሪጌታው እኔ ላይ ሊወድቁ ነው። የእሳቸውን ጭቅጭቅ ማን ይችላል?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። "እትዬ፣ ከሐሙሲት ስመጣ በየት በር ገባሁ?"

ቀና ብዬ ማዶ የራሴን በር አየሁ። ምን ልንገራት? ታውቀዋለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ የሐይቁ ዳር ተከፈተ። ለእኔ የደረሰኝ ቦታ ከዋርካው አለፍ ብሎ ፀሐይ ላይ ነው። ጋኔን ሳወርድ ጎረቤቴ ጮኸች። "እትዬ፣ ጠላሽ ይፈላብሻል! ወደዚህ ግቢ፤ ጥላው ይበቃናል!" አልገባም ልል ነበር። ልጄ ቀድማ ጋኑን አንከባለለችው። ጎን ለጎን ሆንን፤ ቀይ ጣሳና የዛገ ጣሳ በአንድ ዛፍ ሥር።

የውጭ እንግዳ ባይኖርም የከተማው ሰው ወጣ። ደመወዝተኛው ልጆቹን ይዞ፣ ተማሪው ጓደኛውን ይዞ። እሷ ዘንድ ይበዛሉ፤ በሳቋ ትጠራቸዋለች። ከቀትር በኋላ ጋኗ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አልቋል። ሰው ግን ገና እየመጣ ነው። አሁን ቅራሪዋን ታወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ልክደው አልችልም፤ እንድታወጣ ፈለግሁ።

ተነሣች። እንጨቷን ነቀለች። ቀዩን ጣሳ አውልቃ ተመልሳ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አደረገችው።

"ጨረስሁ! እትዬ ዘንድ ግቡ፤ የእሷ አለ!"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ክንዴ እስኪዝል ቀዳሁ። አንዱ መምህር ብርጭቆውን ይዞ፣ "ይገርማል፤ ሲያልቅባት ጣሳዋን አወረደች! እንዲህ ያለች ታማኝ ሴት ዛሬ የት ትገኛለች?" አለ። ስለ እሷ ነው የሚናገረው። ዕድሜ ልኬን ሳወርድ ስኖር አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ያቺ ጣሳ ተሰቅላ ካቃጠለችኝ ይልቅ ወርዳ አቃጠለችኝ።

ጎረቤቴ ባዶ ብርጭቆዋን ዘረጋችልኝ። "እትዬ፣ ለእኔም።"

እስከ አፉ ሞላሁላት። ጠጣች፤ ከንፈሯን ጠረገች፤ ሐይቁን አየች።

"ዛሬስ ከእኔ ይሻላል" አለች።

ዛሬስ!